ፊስቱላ፣ ነርሶችና ጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከነርሲንግ ተማሪዎች፣ ከታካሚ ቤተሰቦችና የፊስቱላ ነርስ መሆኔን ሲሰሙ ወንበር ስበው ከሚቀመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ፊስቱላ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

በሽታ ከሚባል ጉዳት ቢባል ይሻላል። ምጥ ሁለት፣ ሦስት ቀን ይቆያል። አዋላጅ የለም፣ መኪና የለም። የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ፊኛና በዙሪያው ያለውን ሥጋ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዛል። የተጨመቀው ሥጋ ደም ስለማይደርሰው ይሞታል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት የሞተው ሥጋ ሲረግፍ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ሽንት ሌት ተቀን ይፈሳል። ጉዳቱ በፊንጢጣ በኩል ከሆነ ደግሞ ሰገራም ያመልጣል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ነው የሚወለደው።

አይተላለፍም። እርግማን አይደለም፣ ቡዳም አይደለም። ሁሉም በምጥ ብቻ የመጣ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ በኦፕራሲዮን ጊዜ፣ በተለይ ማህፀን ሲወጣ ወይም በቀዶ ሕክምና ሲወለድ፣ ፊኛ ተነክቶ የሚመጣም አለ።

ሁሉም በሽተኛ ተጋላጭ አይደለም እንዴ? እነዚህ ለምን ተለይተው «ተጋላጭ» ይባላሉ?

በሽተኛ ሁሉ አቅመ ደካማ ነው፤ ልክ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ድርብርብ ነው። ልጇን ቀብራለች። ብዙ ጊዜ ባሏ ትቷታል ወይም ወደ እናቷ ቤት ተመልሳለች። ለቅሶ አትሄድም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መግባት ታፍራለች፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ይሸሻታል። ብዙዎቹ አያነቡም። ሆስፒታሉ ሲደርሱ ደግሞ ቋንቋውም ባዕድ ሊሆንባቸው ይችላል። አንዳንዶቹ ላይ ነርቭ ተጎድቶ እግራቸው ይንጠለጠላል፤ ለወራት ተጣጥፈው በመተኛታቸው ጉልበታቸው የማይዘረጋም አሉ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ታካሚ አልጋ ሰጥተናት መሬት ላይ፣ ግድግዳው ጥግ ኩርምት ብላ አገኘኋት። «ሲስተር፣ አንሶላችሁን አበላሽባችኋለሁ» አለችኝ። ተጋላጭነት ምንድን ነው ሲሉኝ የምመልሰው ከዚህ ተነሥቼ ነው። የራሷን አልጋ ለመጠየቅ የምታፍር ሰው፣ «ጥናት ልሠራ ነውና እሺ በይ» ስትባል «እምቢ» ማለት ከየት ታመጣለች?

ሕክምናው ኦፕራሲዮን ነው፤ ነርስ ምን ትጨምራለች?

ቀለል ያለ ፊስቱላ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የሚወስደው ከአንድ ሰዓት ብዙ አይርቅም። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የነርስ ነው። የተሰፋው ፊኛ እስኪድን ባዶ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ሽንት በካቴተር፣ ማለትም ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ይወርዳል። ካቴተሩ ቢታጠፍ፣ በደም ጓል ቢደፈን፣ ታካሚዋ ስትገላበጥ ከሥሯ ቢገባ፣ ፊኛው ይሞላል፣ ይወጠራል፣ ስፌቱ ይለቃል። የአንድ ሌሊት ቸልተኝነት የሐኪሙን ሥራ በሙሉ ያፈርሳል። ማታ ተረኛ ስትሆኚ የምትሰሚው ድምፅ የጠብታ ድምፅ ነው፤ አንዳንድ ዋርድ ካቴተሩ ከረጢት ውስጥ ሳይሆን አልጋ ሥር ካለ ሳፋ ነው የሚወርደው። ድምፁ ከቆመ ትነሺያለሽ። ቱቦውን ከጭን እስከ ሳፋ በእጅሽ ትከተያለሽ። ካልታጠፈ ከጀርም የጸዳ ፈሳሽ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቀስ አድርገሽ ታስገቢበታለሽ። አሁንም ካልወረደ ሐኪም ትቀሰቅሻለሽ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ሙያው ውስጥ ሦስት ቃል አለ፦ ትጠጣ፣ ይውረድ፣ ትድረቅ። ከሦስቱ ከባዱ የመጀመሪያው ነው። እነዚህ ሴቶች ለዓመታት ውኃ የሚባል ነገር ሸሽተው ኖረዋል። በጠጡ ቁጥር ይረጥባሉ፣ በረጠቡ ቁጥር ሰው ይርቃል፤ ስለዚህ ገበያ የሚሄዱ ቀን ጠብታ ውኃ በአፋቸው አይዞርም። ዛሬ እኛ መጥተን በቀን አራት፣ አምስት ሊትር ጠጪ እንላለን። በዚህ ላይ ጾም አለ። ዓርብና ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማትቀምስ እናት «ሐኪሙ አዟል» ስላልናት ብቻ አትጠጣም። ቄሱ መጥተው «ለታመመ ጾም የለም፤ ጠጪ ልጄ» ሲሏት ነው ብርጭቆውን የምታነሣው። ረመዳን ላይም እንዲሁ ነው። ይህን የምታመቻቸው ነርሷ ናት። የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ከዚህ ሌላ በሽንት የተቃጠለ ቆዳ አለ፤ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል። የማይዘረጋ ጉልበት አለ፤ በየቀኑ ይሠራል። ከኦፕራሲዮን በፊት ማደለብም አለ፤ ደም ያነሳት፣ ክብደቷ የወረደ ሴት ጠረጴዛ ላይ አትወጣም።

ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል?

አንዳንዴ። ቀዳዳው ትንሽና ገና ትኩስ ከሆነ፣ ማለትም ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ከተደረሰበት፣ ካቴተር አስገብቶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማቆየት ብቻውን ሊዘጋው ይችላል። ለዚህ ነው ምጥ በጣም የቆየባትን እናት ጤና ጣቢያ ላይ ያለች አዋላጅ ካቴተር ሳታደርግላት ወደ ቤት መስደድ የሌለባት። ቀዳዳው ካረጀ ግን ከቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ የለውም። በጠበልም፣ በቅጠልም ሲሞከር የሚያልፈው ጊዜ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ጠበሉን ትጠመቅ፣ ሪፈሯን ግን አትተው።

ካቴተሩ ስንት ቀን ይቆያል? አንዱ 14 ይላል፣ ሌላው 7።

ሁለቱንም የሰማችሁበት ምክንያት አለ። ለረጅም ዘመን 14 ቀን ይባል ነበር፤ ልማድ ነው እንጂ የተፈተነ ነገር አልነበረም። ከዚያ በስምንት የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያም አንዷ ናት፣ 524 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ 7 ቀን፣ ግማሾቹ 14 ቀን ካቴተር ቆየላቸው። ውጤቱ በ2015 ታተመ። ስፌቱ የለቀቀባቸው በሁለቱም ወገን ከመቶ 3 ወይም 4 ገደማ ነበሩ። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ለቀላል ፊስቱላ ከ7 እስከ 10 ቀን በቂ ነው አለ። ለተወሳሰበው ይህ አይሠራም፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ጠብቁ።

ይህን ጥናት ተማሪዎቼ ፊት ደጋግሜ አነሣዋለሁ። አንድ ሳምንት ማለት ትንሽ ይመስላል። ዋርድ ውስጥ ግን ያ ሳምንት አንድ አልጋ ነው፤ በአንዲት ሴት ፈንታ ሁለት ማለት ነው። ለታካሚዋም ቱቦ ሳትጎትት፣ ለኢንፌክሽን ሳትጋለጥ ሰባት ቀን ቀድማ መራመድ ነው። ተጋላጭ ሰው ላይ ጥናት አይሠራም የሚሉ አሉ። ይህ ጥናት ባይሠራ እስከ ዛሬ 14 ቀን እያስተኛናቸው ነበር።

ከዳነች በኋላ መውለድ ትችላለች?

ብዙዎቹ ወልደዋል። ሁለት ነገር ብቻ፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ከባሏ ጋር አትተኛም፤ ቀጣዩን ልጅ ደግሞ ሆስፒታል ሄዳ በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች። ይህን ለእርሷ ብቻ መንገር አይበቃም። ባል ካለ ባል፣ ከሌለ እናት ወይም እኅት አብረው ይስሙ።

ቀዳዳው ተዘግቶ ሽንቱ ግን ቢያመልጣትስ?

ይህን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ቤተሰቦች ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከአሥር ዘጠኙ ያህል ቀዳዳው ይዘጋል። መዘጋትና መድረቅ ግን አንድ አይደሉም። ፊኛው ተጎድቶ አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ሽንት የሚገታው ጡንቻም ላልቶ ይሆናል። እንዲህ ያለችዋ ሴት ስትስቅ፣ ስታስነጥስ፣ እንስራ ስታነሣ ይረጥባታል። ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። መዝገቡ ላይ «ድናለች» ይላል፤ እርሷ ግን አሁንም ጨርቅ ታጥባለች።

የዳሌ ጡንቻ እንቅስቃሴ የሚረዳቸው አሉ። ፊኛን በየሰዓቱ ማሠልጠን አለ። ተጨማሪ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋቸውም አሉ። ጉዳታቸው ከዚህ ለከፋባቸውና ወደ አገር ቤት መመለስ ለማይችሉ ሴቶች ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተሠርቷል፤ እየታከሙ የሚኖሩበት፣ ሙያ የሚማሩበት ቦታ ነው።

ይህ ሙያ ኢትዮጵያ ውስጥ ከየት ጀመረ?

ታሪኩ ከአንዲት ነርስ ይጀምራል ብል ማጋነን አይደለም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር፣ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርሲንግ ተምራለች። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ1942 ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ወለጋ ላይ ሞተች። በስሟ አዲስ አበባ ላይ የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው።

በ1959 ከአውስትራሊያዋ ሐኪም ካትሪን ሃምሊንና ከኒውዚላንዳዊው ሐኪም ባለቤቷ ሬጂናልድ ጋር የሦስት ዓመት ውል የተፈረመው በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር። አስተውሉ፤ የመጡት ሊያስተምሩ ነው። ፊስቱላ የያዛቸው ሴቶች በር ላይ ሲደርሱባቸው ሥራው ዞረ። በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። በኋላ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ቅርንጫፎች ተጨመሩ። እስካሁን ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል፤ በነፃ። ሬጂናልድ በ1993፣ ካትሪን በ2020 አረፉ። የአዋላጆች ትምህርቱ ነገርም አልተረሳም፤ ሃምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ በ2007 ሥራ ጀመረ።

ታካሚ የነበሩ ሴቶች ሆስፒታል ውስጥ ይሠራሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በጣም የታወቁት ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በልጅነታቸው በምጥ ተጎድተው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሃምሊኖች ዘንድ መጡ። ሲሻላቸው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው መሣሪያ ማቀበል። ቀጥሎ ራሳቸው መስፋት። ትምህርት ቤት ሳይገቡ የተዋጣላቸው የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ ለሥልጠና የሚመጡ ዶክተሮችንም አሠለጠኑ። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ለሬጂናልድ ሃምሊንና ለእርሳቸው የወርቅ ሜዳልያ ሰጠ።

ከእርሳቸው ሌላ ብዙ የቀድሞ ታካሚዎች ረዳት ነርስ ሆነው ሠርተዋል። ይህን አንዳንዱ እንደ በጎ አድራጎት ያየዋል፤ ሥራ ተሰጣቸው፣ ተመስገን። እኔ እንደዚያ አላየውም። ማታ የምታለቅስ አዲስ ታካሚ አጠገብ እኔ ዲግሪዬን ይዤ ብቀመጥ «አይዞሽ» ከማለት አላልፍም። ረዳቷ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና በራሷ ቋንቋ «እኔም ስድስት ዓመት እንደዚህ ነበርኩ፤ አሁን እዪኝ» ትላለች። ያንን ዓረፍተ ነገር ማንም ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም።

በዚህ ዘርፍ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ልማር?

ነርሲንግም ሚድዋይፈሪም (የአዋላጅነት ሙያ) በዲግሪ አራት ዓመት ነው። መከላከሉ ከሳበሽ ሚድዋይፈሪ፤ ማስታመሙ ከሳበሽ ነርሲንግ። የሃምሊኑ ኮሌጅ ከገጠር ልጃገረዶችን መልምሎ አስተምሮ ወደ መጡበት አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ይመልሳቸዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሰፈሯ ልጅ ብትሆን ምጥ የያዛት እናት አትሸሻትም፣ ቋንቋውም አያጣላቸውም።

ትምህርት ቤቶቻችን ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ካቴተር ማስገባት ይፈተናል፣ ማርክ አለው። ካቴተር መጠበቅ አይፈተንም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሃያ ምናምን ሆነን አንድ አልጋ ከበን፣ ገልጠን አይተን፣ ጽፈን ሄድን። ታካሚዋ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነበር። ስሟን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ሳስተምር ከሦስት ሰው በላይ አልጋ አጠገብ አይቆምም፣ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ ከዚያ መጋረጃ። የሚቻል ሲሆን ደግሞ የዳነች ሴት ክፍል ትመጣለች፤ ለጊዜዋም ይከፈላታል፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ አስተማሪ።

መከላከል ላይ የሚረባ ጥናት አለ ወይስ ወሬ ነው?

አለ። ጉራጌ ውስጥ ያለው አጣጥ ሆስፒታል በ1976 የእናቶች ማቆያ ከፈተ። ቤቷ ሩቅ የሆነ ወይም ምጥ ሊከብዳት ይችላል የተባለች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ እዚያው ግቢ ትቆያለች። ምጡ ሲመጣ የሚቀረው ጥቂት እርምጃ ነው። ከ1987 እስከ 2008 ያለው የ22 ዓመት የወሊድ መዝገብ ሲገላበጥ፣ ከማቆያው የመጡት እናቶች ዘንድ ከ1,000 ወሊድ ሞቶ የተወለደው ወደ 18 ነው። በቀጥታ ከቤት የመጡት ዘንድ ወደ 191።

እዚህ ጋ ተማሪ ከሆናችሁ ቆም በሉ። ከቤት ከመጡት መካከል ምጡ ከብዶባቸው የደረሱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ማቆያው ምንም አልሠራም ማለትም አይቻልም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ 22 ዓመት በየቀኑ መዝገቡን የሞሉት እጆች። ጥናት የሚጀመረው ከዚያ ነው። የናንተ ዋርድ መዝገብ ላይ ስንት ባዶ ሣጥን አለ?

ለመመረቂያ ጽሑፌ የፊስቱላ ታካሚዎችን ማጥናት እችላለሁ?

ትችላለህ፤ ግን እባክህ «ዕውቀት፣ አመለካከትና ልምድ» የሚል መጠይቅ ይዘህ አትምጣ። ያን መጠይቅ መልሰው መልሰው ሞልተውታል። «ስለ ፊስቱላ ሰምተው ያውቃሉ?» ብለህ ፊስቱላ ያለባትን ሴት ልትጠይቅ ነው? ትንንሽ ጥያቄ ይሻላል። በጾም ቀንና በሌላው ቀን ታካሚዎች ስንት ሊትር ይጠጣሉ? ካቴተር መደፈን የሚበዛው ቀን ነው ወይስ ማታ? ስትወጣ የነገርናትን ከወር በኋላ ስንቱን ታስታውሳለች? መልሱ ዋርዱ ላይ በማግስቱ ሥራ ላይ የሚውል ይሁን።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ የተቋምህ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከዚያ የሆስፒታሉ የራሱ ፈቃድ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ የአሳዳጊ ፈቃድም፣ የራሷ እሺታም ያስፈልጋል። ፎቶ ተወው።

ማንበብ የማትችል ሴት እንዴት ነው ፈቃዷን የምትሰጠው? ባሏ ከፈቀደ አይበቃም?

አይበቃም። ባል፣ አባት ወይም የአገር ሽማግሌ መማከሩ ነውር የለውም፤ እርሷ ራሷ «ልጠይቃቸው» ካለች ጊዜ ስጡ። እነርሱ እሺ ብለው እርሷ ዝም ካለች ግን ያ እምቢታ ነው። ዝምታን እሺ አድርጎ መተርጎም ዋርድ ውስጥ የለመድነው መጥፎ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅጹ በራሷ ቋንቋ ይነበብላታል፤ ከጥናቱ ጋር ንክኪ የሌለው ምስክር አጠገቧ ይቆማል፤ ከዚያ የጣት አሻራ። አሻራው ግን የመጨረሻው ነገር ነው። በፊት «እስቲ የነገርኩሽን ለእኅትሽ እንደምትነግሪያት አድርገሽ ንገሪኝ» በሏት። አንዷ እንዲህ ብላ መልሳልኛለች፦ «ጥያቄሽን ካልመለስኩ ኦፕራሲዮን አይሠራልኝም ብለሻል።» አላልኩም። ግን የሰማችው ያንን ነው። ጋውን ለብሼ፣ ጠዋት መድኃኒት የሰጠኋት እኔው፣ ከሰዓት ቅጽ ይዤ ስመጣ ሌላ ምን ትስማ? ከዚያ ወዲህ የሚያክማትና የሚጠይቃት አንድ ሰው እንዲሆን አልፈቅድም። ጠያቂው ጋውን አይለብስም። የሚቻል ከሆነ ደግሞ የሚጠየቀው ካቴተሩ ወጥቶ፣ የመውጫዋ ቀን ሲቃረብ ነው፤ ያኔ ከእኛ የምትፈራው ነገር ያነሰ ነው።

ክፍያስ? የትራንስፖርትና የጊዜዋን ማካካሻ፣ አዎ። ከዚያ ካለፈ ግን፣ ለድሀ ሰው ብዙ ገንዘብ ማለት «እምቢ» የሚለውን ቃል መግዛት ነው።

የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የተገኘው በባሪያዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። አሜሪካ፣ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም ከ1845 እስከ 1849 በባርነት ላይ የነበሩ ጥቁር ሴቶችን ደጋግሞ ቀደደ፤ ያለ ማደንዘዣ። የሦስቱ ስም ተጽፎ ቀርቷል፦ አናርካ፣ ሉሲ፣ ቤትሲ። አናርካ 30 ጊዜ ያህል ተቀድዳለች። በመጨረሻ በብር ክር ሲሰፋ ተዘጋ። ፈቃዱ የመጣው ከጌቶቻቸው እንጂ ከራሳቸው አይደለም፤ ቢጠየቁስ ባሪያ ምን ሊል ይችላል? ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ አጠገብ የነበረው ሐውልቱ በ2018 ተነሥቷል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክፍል ይህ ነው። ረዳቶቹ እየተዉት ሲሄዱ ሲምስ ሴቶቹን አሠለጠናቸው። አንዷ ስትቀደድ ሌሎቹ ይይዟታል፣ መሣሪያ ያቀብላሉ፣ በኋላም ያስታምማሉ። በዘመናዊው የፊስቱላ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ነርሶች ታካሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ ማለት ነው። ማሚቱ ጋሼም ከአልጋ ተነሥተው መሣሪያ በማቀበል ነው የጀመሩት። ሥራው አንድ ዓይነት ይመስላል። ማሚቱ ግን ሲሻላቸው መሄድ ይችሉ ነበር።

ጥናቱን ሠርተን ጨረስን፤ ተመረቅን። ታካሚዋ ምን አገኘች?

ከሁሉም ይህ ነው የሚከብደኝ። ከዓመታት በፊት ለጥናት ያነጋገርኳት ሴት ለክትትል ተመልሳ መጣች። «ያን ጊዜ የነገርኩሽን ምን አደረግሽው?» አለችኝ። ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ነበር። ይህን መንገር አፍሬ «ጠቅሞናል» አልኳት። «በምን?» አለች።

ቤቴ ሄጄ የእርሷን ቃለ መጠይቅ እንደገና አነበብኩት። «ታካሚዎች የሚጠጡትን ውኃ መጠን አይመዘግቡም» ብዬ ከጻፍኩት አንቀጽ ጀርባ የእርሷ ቃል ነበር። መጻፍ ስለማትችል ጠዋት ሃያ ፍሬ ሽምብራ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች፤ አንድ ብርጭቆ በጠጣች ቁጥር አንዱን ፈትታ ትበላዋለች። ሽምብራው ካለቀ ቀኑ ሞላ። ነግራኛለች፣ ቀድቻለሁ፣ ጽፌዋለሁ፣ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰርዤዋለሁ። አሁን የምሠራበት ዋርድ መግቢያ ላይ አንድ ጣሳ ቆሎ ሽምብራ አለ። የጠዋት ተረኛዋ ከመድኃኒቱ ጋር ሃያ ሃያ ፍሬ ትቆጥራለች።